ሁለት ጊዜ ከተመታ ሂድ ነው

ከወልድያ መርሳ በሚመላለስ ቅጥቅጥ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ተብታባ መሆኔን አንድ ተሳፋሪ አላወቀብኝም። የረዳት ሥራ ራሱ መንተባተብ ነዋ! «መርሳ መርሳ መርሳ መርሳ!» እያለ የሚጮህን ሰው ማን ተብታባ ይለዋል? ሌሎቹ ረዳቶች አራት ጊዜ የሚሉትን እኔ ዘጠኝ ጊዜ ስለው፣ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ «ሥራውን እንደዚህ ልጅ የሚወድ አላየሁም» እያለ ለሌሎቹ ምሳሌ ያደርገኝ ነበር።

መኪናው ከተነሣ በኋላም ብዙ ንግግር አያስፈልግም። ቆርቆሮውን በመዳፍ አንድ ጊዜ መምታት «ቁም» ነው፤ ሁለት ጊዜ መምታት «ሂድ» ነው። ሾፌሬ ከፊት፣ እኔ ከበሩ ላይ፣ ቋንቋችን ያ ቆርቆሮ። ሲሪንቃ ላይ ወራጅ ካለ አንዴ ጧ! ወራጁ ወርዶ በጉ ከጣሪያው ላይ ከተፈታለት ሁለቴ ጧ ጧ! አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ቃል ሳንለዋወጥ እንውላለን። ትዳር ቢሆን ኖሮ ከውርጌሳ እስከ ሐራ ድረስ ምሳሌ የሚሆን ትዳር ነበር።

ጣጣው ከመኪናው ስወርድ ነው። ጠላት የሆኑብኝ ፊደላት አሉ፤ «ሰ»፣ «ተ»፣ «ከ»። አንዱ ከፊት ከመጣ መንጋጋዬ ይቆለፋል፣ ዓይኔ ይጨፈናል፣ አንገቴ ወደ ግራ ይዞራል፣ ቃሉ ግን የለም። የሐራን ሐዲድ ያየ ሰው ይገባዋል፤ መንገዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ባቡሩን ነው የምንጠብቀው። እናቴ በልጅነቴ ጠበል አስጠምቃኛለች። ውኃው በጣም ቀዝቃዛ ስለነበር ለአንድ ሳምንት ያህል ጨርሶ አልተናገርኩም፤ እሷም መንተባተቡ ጠፋ ብላ ስለቷን አገባች።

በኋላ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። የተቆለፈውን ቃል ትቼ የሚከፈተውን መናገር ነው። «ስንት ልጆች አሉህ?» ይሉኛል። ሦስት ናቸው። «ሦስት» በ«ሰ» ይጀምራል። ስለዚህ «መቶ!» እላለሁ። ሰው ይስቃል። «ለቅሶው ላይ ስንት ሰው ነበር?» «ሠላሳ» ማለት ሲያቅተኝ «አገሩ በሙሉ፣ የሞተው ራሱ ጭምር!» እላለሁ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሳላስበው የመርሳ ቀልደኛ ሆንኩ። ሰው አጋናኝ ይለኛል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያሰብኩትን ቃል በትክክል የተናገርኩት ዕድሜ ልኬን አንድ አርባ ጊዜ ቢሆን ነው። ይህንንም ቁጥር አትመኑ።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ኑሮዬ ተሻሻለ። ቃል ሲይዘኝ ስልኬን ከኪሴ አወጣና «ሃሎ!» ብዬ ወደ ውጭ መውጣት ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ማንም ስለሌለ አፌ እንደ ክረምት ወንዝ ይፈሳል። እንደ እኔ ሥራ የሚበዛበት ሰው በሀብሩ ወረዳ የለም ይባላል። ሚስቴ ብቻ ናት ነገሩን የምታውቀው። እሷም ያወቀችው ከተጋባን በኋላ ነው፤ ስሟ በ«ተ» ይጀምራልና በጫጉላችን ሳምንት አንድ ቀን እንኳ በስሟ አልጠራኋትም። «ሆዴ» ስላት ከረምኩ። ፍቅር መስሏት ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው ለልጄ ሽማግሌ የተላከው።

ረዳትነቱን ትቼ መርሳ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከከፈትኩ ቆይቻለሁ። ታላቋ ልጄ ሲሪንቃ የዘር ምርምር ላይ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የማሽላ ዘር ስትለይ ትውላለች። የምታገባው ልጅ ወልድያ መምህር ነው፤ የዚያው የድሮው ሾፌሬ የወንድም ልጅ። ልጁን እወደዋለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ የሚጠየቅም አልመሰለኝም ነበር።

በእኛ አገር ሽማግሌ መመላለሱ ክብር ነው። መጀመሪያ ሲመጡ የሚስቴ ታላቅ ወንድም «መክረን እንመልስላችኋለን» ብሎ ቀጠሮ ሰጠልኝ። ሁለተኛው ጊዜ ግን መልስ ከአባት አፍ ነው የሚወጣው፤ በውክልና አይሆንም። ሽማግሌዎቹ መልስ እስኪያገኙ አይቀመጡም፣ ውኃም አይቀምሱም። ደግሞ ጨዋ አባት ፊት ለፊት «አልሰጥም» አይልም። ሽማግሌዎቹን እንዳቆመ «ከብቶቹን ልይ» ብሎ ይወጣል፤ እነሱም ገብቷቸው፣ ማንም ሳይሰደብ፣ ይሄዳሉ። ይህን ሕግ ከእናቴ ሆድ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ያን ቀን የት አስቀምጬው እንደነበር ግን እንጃ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው ሰማንያ የሞላቸው፣ ስንት የተጣላ ቤት ያስታረቁ አባት ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ነው። ሦስተኛው ሾፌሬ፤ ከኋላ ነጠላውን ደርቦ፣ መሪ ያልያዘ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆሟል። ሚስቴ ጠዋት «ዛሬ ቀልድ የለም፣ ሰማህ?» ብላኛለች። አልቀለድኩም።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጀመሩ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ እናንተም ብትፈቅዱ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ደጃችሁ ላይ ከቆምን ይኸው ሁለተኛችን ነው። ምን አላችሁን?»

ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው። «ሰጥተናል።» አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ስለማመደው ከርሜያለሁ። የሚጀምረው በ«ሰ» ነው። ሁለተኛው ተረኛ ደግሞ «ተ» ነው። ይህን ቃል የመረጡት አባቶች እኔን አስበው መሆን አለበት።

አፌን ከፈትኩ። ተቆለፈ። ዓይኔ ተጨፈነ፣ አንገቴ ወደ ግራ ዞረ። ለማያውቅ ሰው የተጠየፍኳቸው ነው የሚመስለው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ጥቂት ያረጁ መሰለኝ። ከዚያ እጄ፣ እኔ ሳላዝዘው፣ ኪሴ ገባ።

«ሃሎ!» ብዬ ወጣሁ።

ጓሮ ደረስኩ። አንዲት ዶሮ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። «ሰጥተናል» አልኳት። ፍስስ ብሎ ወጣ! «ሰጥተናል፤ ወልዳችሁ ክበዱ፤ ቤታችሁ የሰላም ይሁን» አልኳት። እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ዶሮዋ ላይ አምስት ጊዜ ደጋግሜው፣ አፌ ሳይቀዘቅዝ ልድረስ ብዬ ሮጥኩ።

ቤቱ ባዶ ነበር። ምንጣፉ ላይ የሽማግሌው ምርኩዝ የወጋው ምልክት ብቻ ቀርቷል። ሚስቴ በመዳፏ አፏን ይዛለች። ልጄ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አባዬ፣ ማን ነው የደወለልህ?»

«ከ...» አልኩ። «ከ...» ተቆለፈ። «መንግሥት!» አልኩ።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በእኔ ስትስቅ ያደገች ልጅ ናት። ያን ቀን አልሳቀችም።

«ካልፈለግኸው ለእኔ አትነግረኝም ነበር?» አለች። «ሰው ፊት ስልክ ይዞ መውጣት ምን ማለት ነው? አንድ ቀን እንኳ አትቀልድም?»

እውነቱን ልነግራት ፈለግሁ። «ተብታባ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ይህም በ«ተ» ይጀምራል። ያቃተኝን ነገር መጠሪያውንም መጥራት አቃተኝ። በመጨረሻ የፍሬን ሸራ ካርቶን ላይ ጽፌ ሰጠኋት። አንብባ ካርቶኑን መለሰችልኝ።

«ይኼም ቀልድ ነው» አለች።

«እውነቱን ነው» አለች ሚስቴ። «ሆዴ ሲለኝ ፍቅር ይመስልሻል?»

ልጄ ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ክፍሏ ገባች። ሠርግ ይኑር አይኑር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከወልድያ በኩልም ዝም አሉ።

በሳምንቱ ይዛኝ ወልድያ ሄደች። አብራት የተማረች ጓደኛዋ አዲስ አበባ የንግግር ሕክምና አጥንታ እናቷን ልትጠይቅ መጥታለች። የተቀበለችን በእናቷ ቤት ግቢ፣ ጥላ ሥር ነው። መርፌ ይኖራል ብዬ ሁለት ሸሚዝ ደርቤ ነበር።

«ጋሼ፣ እስኪ ድሮ እንደሚጠሩት መርሳን ይጥሩልኝ» አለችኝ።

ጠራሁ። አንድ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«አሁን ደግሞ ሥራዎን ይንገሩኝ።»

«የመኪና መለዋወጫ ሱ... ሱ...» ተያዝኩ። «አገሪቱን ነው የማንቀሳቅሰው» አልኩ።

ልጄና ጓደኛዋ ተያዩ። ልጄ እንደዚያ ስትመለከተኝ መጀመሪያዬ ነበር፤ ስንት ቀልዴን ወደኋላ ተመልሳ እየቆጠረች መሰለኝ።

ከዚያ ባለሙያዋ የመድኃኒት መመሪያ ወረቀት አምጥታ «አብረን እናንብብ» አለች። እሷና እኔ በአንድ ድምፅ አነበብን። አንድ ፊደል አልያዘኝም። ወዲያው እሷ ዝም አለችና ብቻዬን እንድቀጥል አደረገችኝ፤ «ከምግብ በኋላ» የሚለው «ከ» ላይ ተተከልኩ።

ነገሩን በቀስታ አስረዳችኝ። የፈሪነት ወይም የሞኝነት ነገር አይደለም አለች። ሰው ከመናገሩ በፊት አንጎል ለከንፈር፣ ለምላስ፣ ለጉሮሮና ለትንፋሽ «ተዘጋጁ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ይህን እንቅስቃሴ የሚመራው የአንጎል ክፍል በሚንተባተብ ሰው ላይ ጊዜውን አስተካክሎ አይሰጥም። ትእዛዙ ይደርሳል፣ ግን አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። በአዋቂ ሰው ላይ ደግሞ ሌላኛው የአንጎል ወገን ላግዝ ብሎ ይገባል፤ አንዳንዴ ማገዙ፣ አንዳንዴ ማወኩ ነው። ሁሉም ነገር ገና አልታወቀም አለች። በዜማ ሲሉት፣ በምት ሲሉት፣ ከሰው ጋር አብረው ሲሉት ወይም ብቻን ሲሆኑ ግን የብዙ ሰው አፍ ይፈታል።

«ገባኝ» አልኳት። «ባትሪው ደኅና ነው፣ ማስነሻ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ማቀጣጠያው በሰዓቱ አይተኩስም።»

«እንደሱ ይበሉት።»

«በምት ሲሆን ደግሞ ገፍቶ ማስነሣት ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ አራት ዓመት የተማርኩትን እርስዎ በአንድ መኪና ጨረሱት» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ «ጠፍቶ የሚያልቅ ነገር ነው ብዬ አልዋሽዎትም» አለች። «ጣትዎን ጉልበትዎ ላይ እየመቱ ቢናገሩ ሊያግዝዎ ይችላል፣ ላያግዝዎም ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን መሸሽዎ ነው። ቃሉን ይለውጣሉ፣ ስልክ ያወጣሉ። መንተባተቡን ማንም ሳያይ ሃምሳ ዓመት ደብቀውታል። ልጅዎ እንኳ አታውቅዎትም።»

ስልኬን ለማውጣት እጄ ኪሴ ገባ፤ ልጄ አየችው። እጄን መልሼ አወጣሁት፣ ባዶውን።

ከዚያ ወጥተን ሾፌሬ ዘንድ ሄድን። ደጁ ላይ መኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ መኪናውን በመዳፌ አንዴ መታሁት። ጧ!

«አንተ ረዳት» አለ ከሥር፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ። «ልጅ ከልክለህ ደግሞ መኪናዬን ትመታለህ?»

ልጄ ልትነግረው አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩ። ራሴ ልናገር ሞከርኩ። «ተ... ተ... ተ...» ከመኪናው ሥር ተሳበና ወጣ። ፊቱ በግራሶ ጠቁሯል። እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ጎረቤት ልብስ አጥባ የምታሰጣ ሴት ጨርሳ ገባች።

«ተብታባ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ።

«ይህን ልትነግረኝ ነው ከመርሳ ድረስ የመጣኸው?» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት አውቅ የለ እንዴ! ወልድያ መነሻው ላይ ዘጠኝ ጊዜ መርሳ ስትል ተሳፋሪው ባያውቅ እኔ አላውቅም?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ልበልህ? አንዴ ስትመታ እቆማለሁ፣ ሁለቴ ስትመታ እሄዳለሁ። ሌላ ምን ጎደለን?» ወዲያው ተቆጣ። «ያን ቀን አፍህ ሲያዝ አይቻለሁ። ይጠብቁት ልላቸው ነበር። ትሮጣለህ ብዬ ግን ማን ይገምታል? ለአባባ ምን ልበላቸው? ‹በሰማንያ ዓመቴ ስልክ ተነሥቶብኝ ቆሜ ተመለስኩ፤ ያን ደጅ ሁለተኛ አልረግጥም› ብለዋል።»

«አሁንስ ምን ይሻላል?» አለች ልጄ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው። እውነቱን ልንገራቸው። ግን እሳቸው ካወቁ ማኅበርተኛው ያውቃል፣ ማኅበርተኛው ካወቀ መርሳ ገበያ ያውቃል። ቅዳሜ ሱቅህን ስትከፍት በርበሬ ሻጯ ሳትቀር ታውቃለች።» ወደ እኔ ዞረ። «ልንገራቸው?»

ልጄ አላየችኝም፤ መሬት መሬት ታያለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስንት ሺህ ቀልድ ያወጣሁበት ምሥጢር ነው። ሌላው ቢቀር ለድካሜ አዘንኩ።

የመኪናውን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ መታሁት። ጧ ጧ።

በቀጣዩ እሑድ ሦስቱም መጡ። ሽማግሌው ደጁን በግራ እግራቸው ነው የረገጡት፤ «ሁለተኛ አልረግጥም ያልኩት በቀኜ ነበር» አሉ። ሚስቴ ስልኬን ጤፍ ዕቃው ውስጥ ቀብራዋለች። ልጄ ከመጋረጃው በስተጀርባ ከመግባቷ በፊት «አባዬ፣ የፈለገውን ያህል ይቆይ» አለችኝ፤ «ብቻ አትውጣ።»

ቆሙ። ሽማግሌው የመጣነው ለዚህ ነው ብለው አሳጥረው ጨረሱና ጠበቁኝ።

«ሰ...» አልኩ። ተቆለፈ። ዓይኔ ተጨፈነ፣ አንገቴ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሄደ። እጄ ኪሴን ፈለገ፤ ባዶ ነው። ጎረቤትየው አዝኖልኝ «ሰጥ...» ብሎ ሊጨርስልኝ ሲል ሾፌሬ በክርኑ ነካው። ሽማግሌው «ተወው፤ ቃሉ የሱ ነው» አሉት። በሩ ክፍት ነበር። ከጓሮ ያቺ ዶሮ ስትንጫጫ ይሰማል፤ እሷ ዘንድ ብሄድ በአንድ ትንፋሽ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ እንጂ አልተነሣሁም። ጣቴ ጉልበቴ ላይ መምታት ጀመረ። የመጀመሪያው ምት አላስነሣም። ሁለተኛውም። እንደ አሮጌ መኪና ቁልቁለት ላይ እየተገፋሁ ነው።

«ሰ-ሰ-ሰ-ሰጥ... ሰጥ-ተ-ተ-ተናል።»

ስንት ጊዜ እንደተነሣና እንደጠፋ እኔ አልቆጠርኩም፤ ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ቆጥራ ሰባት ነው ትላለች። እሷ ዘር ቆጣሪ ናት፣ አትሳሳትም። እልልታው ከሚስቴ ዘንድ ተጀመረ፤ ሽማግሌው በምርኩዛቸው ወደ አግዳሚው እየተጎተቱ «ተመስገን! ሌላ አንድ ፊደል ቢኖረው ኖሮ የምቀበረው እዚሁ ነበር» አሉ። ሁሉም ሳቀ። በእኔ ላይ የተቀለደ ቀልድ ላይ ስስቅ ያኔ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ እስከዚያ ቀልዱን የማወጣው እኔ ነበርኩ።

በርበሬ ሻጯ ቅዳሜ ሳይደርስ ሐሙስ አውቃለች። አሁን ሱቄ የሚመጣ ሰው ስንት ልጆች እንዳሉኝ ሲጠይቀኝ «ሦስት» እስክል ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዱ ይቸኩልና «መቶ በለውና ልሂድበት» ይለኛል።

ሽማግሌው ያን እሑድ ተቀምጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ተነሥተው መረቁ። የሀብሩ ምርቃት ረጅም ነው። ክፉ አይንካችሁ አሉ፤ እኛ አሜን። የወለዳችሁት ይባረክ አሉ፤ አሜን። ከሚስቴ፣ ከሾፌሬ፣ ከልጄ ጋር በአንድ ድምፅ አሜን እል ነበር። አንዱም አልያዘኝም።